የከርነል መወሳሰብ፦ ምኑን እንፍራ? ምኑን እንቁረጥ?

ጥያቄ፦ «በአንድ ድርጅት 12 የሊኑክስ ሰርቨሮች አስተዳድራለሁ። የሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ከ30 ሚሊዮን የኮድ መስመር በላይ መድረሱን፣ ሰርቪሶችን የሚያስነሣው ሲስተምዲም በየጊዜው አዲስ ሥራ እየጨመረ መሄዱን አንብቤአለሁ። ይህን ሁሉ ኮድ ማንም ሊፈትሸው አይችልም፤ ስለዚህ አደገኛ ነው የሚል ክርክር በመሥሪያ ቤታችን ተነሥቷል። የማያስፈልገውን አውጥቼ የራሴን ትንሽ ከርነል ብገነባ፣ ወይም ሲስተምዲ ወደሌለው ዲስትሪቢውሽን (የሊኑክስ ስርጭት) ብዛወር ይሻላል? አፕዴትም ራሱ ችግር ስለሚያመጣ የሚሠራውን ሳይነኩ መተው አይሻልም?»

ምላሽ፦ የራስዎን ከርነል አይገንቡ፤ አፕዴትም አያቁሙ። ሲስተምዲን ጥሎ መሄድም ለ12 ሰርቨሮች የሚያዋጣ አይደለም። ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ የተያዘበት መለኪያ ግን ትክክል አይደለም። መለኪያው ሲስተካከል የሚሠራው ሥራም ይለወጣል፣ ያንሳልም።

ከመስመሩ ብዛት ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የመጀመሪያው ከርነል 10 ሺህ ገደማ መስመር ነበረው፤ በ1994 የወጣው 1.0 ደግሞ 176 ሺህ ያህል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የዛሬው ግዝፈት በአብዛኛው የድራይቨር (ሃርድዌርን የሚያሠራ ኮድ) ነው፤ እርስዎ ጋ ለሌለ የግራፊክስ ካርድ፣ አይተውት ለማያውቁት የኔትወርክ ካርድ፣ ለሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር የተጻፈ። ይህ ኮድ በእርስዎ ማሽን ላይ ወይ ጭራሹን ኮምፓይል አልተደረገም (ወደሚሠራ ፕሮግራም አልተቀየረም)፣ ወይ ዲስክ ላይ ሲያስፈልግ የሚጫን ሞጁል ሆኖ ተኝቷል። በተራ ሰርቨር ላይ «ኤልኤስሞድ» የሚለውን ትእዛዝ ቢሰጡ ብዙ ጊዜ የሚያዩት ከጥቂት ደርዘን እስከ ሁለት መቶ የሚሆን ሞጁል ነው፤ ዲስኩ ላይ ግን በሺዎች ተቀምጠዋል። ስለዚህ 30 ሚሊዮኑ መስመር በሙሉ ማሽንዎ ላይ እየሠራ ነው ብሎ ማሰብ ስህተት ነው።

የሚያሰጋው የተኙት ሞጁሎች በቀላሉ መቀስቀሳቸው ነው። አንድ ፕሮግራም ያልተጫነ ፕሮቶኮል ሲጠይቅ ከርነሉ ሞጁሉን ራሱ ፈልጎ ይጭናል፤ ጠያቂው የአስተዳዳሪ ሥልጣን ባይኖረውም። ዲሲሲፒ የሚባለውን የኔትወርክ ፕሮቶኮል ይመልከቱ። ወደ ከርነሉ የገባው በ2005 ነው፤ የሚጠቀምበት ሰው እጅግ ጥቂት ነበር፤ ዲስትሪቢውሽኖች ግን እንደ ሞጁል አብረው ያቀርቡት ነበር። በ2017 መጀመሪያ አንድን የሜሞሪ ቦታ ሁለት ጊዜ የመልቀቅ ስህተት ተገኘበት። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ ተራ ተጠቃሚ የዲሲሲፒ ሶኬት (የግንኙነት ጫፍ) ይከፈትልኝ ይላል፤ ከርነሉ ሞጁሉን ከዲስክ አንሥቶ ይጭናል፤ ስህተቱ ይነካል፤ ተራው ተጠቃሚ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው አስተዳዳሪ) ሆኖ ይወጣል። አስተዳዳሪው ዲሲሲፒ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ ላያውቅ ይችላል። ስህተቱ እዚያ ከ11 ዓመት በላይ ተቀምጦ ነበር።

ስለዚህ ስለ እያንዳንዱ ክፍል የሚጠየቀው ይህ ነው፦ ያልታመነ ሰው ወይም ያልታመነ ዳታ ይደርስበታል ወይ? ሲሳሳት በምን ሥልጣን ላይ ሆኖ ነው የሚሳሳተው? ከስንት ሌላ ክፍል ጋር ተሳስሯል? የሦስቱም መልስ ክፉ የሆነበት አንድ ሺህ መስመር፣ ማንም ከማይደርስበት ሚሊዮን መስመር ይልቅ ያሰጋል።

መወሳሰብ የሚባለው በዋናነት ሦስተኛው ነው። አሥር ክፍሎች እርስ በርስ ቢነካኩ ሊፈተሽ የሚገባው ጥንድ 45 ነው፤ መቶ ሲሆኑ 4,950 ይሆናል። ክፍሎቹ አሥር እጥፍ ሲጨምሩ መነካካታቸው ከመቶ እጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ነው። የከርነሉ ማዋቀሪያም ከ10 ሺህ በላይ ምርጫዎች አሉት። አሥር የ«አዎ» ወይም «አይ» ምርጫ ብቻ 1,024 ዓይነት ከርነል ስለሚሰጥ፣ ከሚቻሉት ቅንብሮች ውስጥ በእውነት የተፈተኑት እፍኝ አይሞሉም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ስለ ራስዎ ከርነል ስናነሣ እመለስበታለሁ።

ትስስር በተግባር ምን እንደሚያደርስ በ2024 የታየው የኤክስዜድ ጉዳይ በደንብ ያሳያል። ኤክስዜድ ፋይል የሚያምቅ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ) ነው። ከርቀት ወደ ሰርቨር የሚያስገባው የኤስኤስኤች ፕሮግራም፣ ኦፕንኤስኤስኤች፣ በራሱ ኮድ ይህን ላይብረሪ ጨርሶ አይጠራውም። ይሁንና አንዳንድ ዲስትሪቢውሽኖች የኤስኤስኤች ሰርቪስ ተነሥቶ ሥራ መጀመሩን ለሲስተምዲ እንዲያሳውቅ ብለው በራሳቸው ፓች (የኮድ ማሻሻያ) ከሲስተምዲ ላይብረሪ ጋር አገናኙት። የተፈለገችው «ዝግጁ ነኝ» የምትል አንዲት አጭር መልእክት ነበረች። የሲስተምዲ ላይብረሪ ደግሞ የሎግ ፋይሎችን ለማመቅና ለማንበብ ኤክስዜድን ይዞ ይመጣ ነበር። በዚህ ዙር የማመቂያ ላይብረሪው ከኢንተርኔት የሚመጣውን ሁሉ በር ላይ በሚቀበለው፣ በሩት ሥልጣን በሚነሣው ፕሮግራም ሜሞሪ ውስጥ ገባ። ከሁለት ዓመት በላይ አመኔታ ሲያካብት የቆየ አንድ ተባባሪ በ5.6.0 እና በ5.6.1 እትሞች ውስጥ የጓሮ በር ከተተ። ተንኮሉን የደበቀው ለሙከራ በተቀመጡ የታመቁ ፋይሎች ውስጥ ነው፤ የሚቀሰቅሰው ስክሪፕት ደግሞ ሁሉ በሚያየው የኮድ ማከማቻ ውስጥ አልነበረም፤ ለእትም በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር። የተጋለጠው የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ገንቢ የሆነው አንድሬስ ፍሮይንድ የኤስኤስኤች መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተውሎ ምክንያቱን እስከ መጨረሻው ስለተከታተለ ነው። ግማሽ ሰከንድ!

ይህን ይዞ ሲስተምዲን ብቻ መውቀስ አያስኬድም። ኤስኤስኤች በየዲስትሪቢውሽኑ የተጠቃሚን ማንነት ከሚያረጋግጡት ከፓም፣ ከኬርቤሮስና ከሌሎችም ላይብረሪዎች ጋር ይገናኛል፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ጓዝ ይዘው ይመጣሉ። ጥፋቱ ለአንዲት መልእክት ሲባል ሙሉ ላይብረሪ መጎተቱ ነው። መፍትሔውም ያንኑ ክር መበጠስ ሆነ፦ ኦፕንኤስኤስኤች ከ9.8 ጀምሮ መልእክቷን በራሱ ጥቂት መስመሮች ይልካል፤ ሲስተምዲም የማመቂያ ላይብረሪዎቹን ሲያስፈልጉ ብቻ ወደ መጫን ዞረ።

በዚያው በ9.8 የተዘጋ ሌላ ቀዳዳ ደግሞ መወሳሰብ ጠንቃቆችንም እንዴት እንደሚጥል ያሳያል። በ2006 ተገኝቶ የተደፈነ የሲግናል (ለፕሮግራም የሚላክ የማቋረጫ ምልክት) አያያዝ ስህተት ነበር። በ2020 የሎግ ኮዱ ሲስተካከል ያንን ቀዳዳ ይዛ የነበረችው መከላከያ ሳይታሰብ ወጣች፤ ከ8.5 እትም ጀምሮ ቀዳዳው ተመልሶ ተከፈተ፤ የታወቀው በ2024 ነው። ኮዱን የጻፉት በጥንቃቄ የታወቁ ሰዎች ናቸው። አንዲት መስመር ለምን እንደተቀመጠች የሚያስታውስ ሰው በሌለበት ቦታ ጥንቃቄ ብቻውን አያድንም።

«የሚሠራውን አትንካ» ለሚለው ክርክር ደግሞ ሁለት ማስረጃ ይበቃል። ትእዛዝን በሩት ሥልጣን በሚያስፈጽመው ሱዱ ላይ በ2011 የገባ የሜሞሪ ስህተት የተገለጠው በ2021 መጀመሪያ ነው። ተመሳሳይ ሥራ ባለው ፒኬኤግዜክ ላይ በ2009 የገባው በ2022 መጀመሪያ ታወቀ። ሁለቱም ተራ ተጠቃሚን ሩት ያደርጉ ነበር። ፒኬኤግዜክ እንኳን 30 ሚሊዮን፣ በአንድ ቀን ተነብቦ የሚያልቅ ፕሮግራም ነው፤ ስህተቱም ቢያንስ አንድ አርጉመንት (ከትእዛዙ ጋር የሚሰጥ ቃል) ይደርሰኛል ብሎ ከማመኑ የመጣ ነው። ምንም አርጉመንት ሳይሰጡት ሲያስነሡት ከዝርዝሩ አልፎ የኢንቫይሮመንት ቫሪያብሎችን (ለፕሮግራሙ የሚተላለፉ ቅንብሮችን) እንደ አርጉመንት ያነብባል። ኮድ በማርጀት አይጠራም፤ በማነስም ብቻ አይጠራም። ሳይነካ የቆየ ሲስተም የሚያከማቸው ስህተቱ ለሁሉ የታወቀ፣ መክፈቻውም በይፋ የወጣ ቀዳዳ ነው።

አሁን ወደ አማራጮቹ እንምጣ። የራስን ከርነል ኮምፓይል ማድረግ ራሱ ከባድ አይደለም። «ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ» የሚለው ትእዛዝ በዚያች ሰዓት የተጫኑትን ሞጁሎች አይቶ ሌላውን ያወጣል። ወጥመዱ ያለውም እዚያው ላይ ነው፦ በዚያች ሰዓት ያልተሰካ ውጫዊ ዲስክ፣ ሥራ ላይ ያልነበረ ፋይል ሲስተም፣ ለባክአፕ ብቻ የሚገናኝ የኔትወርክ ማከማቻ ሁሉ ድጋፉን ያጣል። ጉድለቱ የሚታወቀው ባክአፑን መመለስ ግድ በሆነበት ሌሊት ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ቅድም ያዙልኝ ያልሁት ነጥብ አለ፤ የዲስትሪቢውሽንዎን ከርነል ቅንብር እጅግ ብዙ ማሽኖች በየቀኑ ይፈትኑታል፤ የእርስዎን ቅንብር ግን የሚፈትኑት እርስዎ ብቻ ነዎት። የከርነል ማስተካከያ እትሞች ብዙውን ጊዜ በየሳምንቱ ይወጣሉ፤ እነሱን እየተከታተሉ መገንባት፣ መሞከርና ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ከርነል እንዳይነሣ የሚከለክል) ካለ በራስዎ ቁልፍ መፈረም የእርስዎ ሥራ ይሆናል። ይህን የሚሠራ ቋሚ ሰው ከሌለ በስድስተኛው ወር ትንሽ፣ ንጹሕና ያረጀ ከርነል ይዘው ይቀራሉ። ያ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ሲስተምዲ የሌላቸው ዲስትሪቢውሽኖች፣ ለምሳሌ ዴቩዋን ወይም አልፓይን፣ በቁም ነገር የተሠሩ ናቸው። ነገር ግን የሚያሠሩት ያንኑ የሊኑክስ ከርነል ነው፤ የጥያቄዎ የመጀመሪያ ግማሽ በእነሱ አይመለስም። ወደ ትክክለኛ ትንሽነት የሚሄደው የማይክሮከርነል (ጥቂት መሠረታዊ ሥራ ብቻ የሚይዝ ከርነል) መንገድ ነው። ኤስኢኤልፎር የሚባለው ከርነል 8,700 ያህል የሲ መስመር ኖሮት በ2009 ትክክለኛነቱ በሒሳብ ተረጋግጧል፤ በእኔ ዕይታ የሙያው ታላቅ ሥራ ነው። ገደቡን ግን ይወቁ። ማረጋገጫው የሚሸፍነው ከርነሉን ነው፤ ከላይ የሚቀመጡትን ድራይቨሮችና ፕሮግራሞች አይሸፍንም፤ የእርስዎን ዳታቤዝና ዌብ ሰርቨር ተሸክሞ ነገ ሥራ የሚጀምር ሲስተምም አይደለም። ራስት በሚባለው ቋንቋ ድራይቨር መጻፍም ተጀምሯል፤ ድጋፉ ወደ ሊኑክስ የገባው በ2022 መጨረሻ በ6.1 ነው። እንደ ዲሲሲፒው ያለውን የሜሞሪ ስህተት በእጅጉ ይቀንሳል፤ የተሳሳተ ሐሳብን ግን አያርምም። እነዚህን ሁሉ በተስፋ መከታተል ይገባል፤ ለ12ቱ ሰርቨሮች ግን የዚህ ዓመት መልስ አይደሉም።

የዚህ ዓመት መልስ ተደራሽነትን መቁረጥ ነው። መጀመሪያ በ«ኤስኤስ» ትእዛዝ ማሽኑ ላይ የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ፖርት (የኔትወርክ በር) እንደሚያዳምጥ ይዘርዝሩ። ለምን እንደሚያዳምጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ያልቻሉትን ሰርቪስ ያጥፉ፤ ፓኬጁንም ያስወግዱ። ቀጥለው የሴትዩአይዲ ምልክት ያለባቸውን ፋይሎች በሙሉ ይፈልጉ፤ እነዚህ ማንም ቢያስነሣቸው በባለቤታቸው፣ ብዙ ጊዜም በሩት ሥልጣን የሚሠሩ ናቸው። ሱዱና ፒኬኤግዜክ ያሉት በዚህ ዝርዝር ውስጥ ነው። ግራፊክስ በሌለው ሰርቨር ላይ ፒኬኤግዜክ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

ቀጥሎ የተኙትን ሞጁሎች ይዝጉ። «/ኢቲሲ/ሞድፕሮብ.ዲ» ውስጥ አንድ ፋይል ከፍተው «ኢንስቶል» የሚለውን ቃል፣ የሞጁሉን ስምና «/ቢን/ፎልስ»ን በአንድ መስመር ይጻፉ። ለመነሻ ዲሲሲፒ፣ ኤስሲቲፒ፣ አርዲኤስና ቲአይፒሲ ይበቃሉ፤ ኤስሲቲፒን ግን የቴሌኮም ሶፍትዌሮች ስለሚጠቀሙበት አስቀድመው ያጣሩ። «ብላክሊስት» የሚለውን ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ ከርነሉ በራሱ ፈልጎ እንዳይጭን ያግዳል እንጂ ሞጁሉ በስሙ ሲጠራ ወይም በሌላ ሞጁል ሲጎተት ይገባል። ከዚያ የጠበቀ ቁልፍም አለ፦ «ከርነል.ሞጁልስ_ዲሴብልድ»ን 1 ካደረጉ በኋላ ማሽኑ ሪስታርት እስኪደረግ ምንም ሞጁል አይጫንም፤ ሩትም ራሱ ሊመልሰው አይችልም። ፋየርዎሉና የፋይል ሲስተሞቹ ከመነሣታቸው በፊት ይህን ከቆለፉ ግን ማሽኑ ጎዶሎ ሆኖ ይነሣል። ስለዚህ የመጨረሻው ሰርቪስ ከተነሣ በኋላ እንዲፈጸም ያድርጉ፤ በአንድ የሙከራ ማሽንም ይጀምሩ።

ከርነሉ ውስጥ ካሉት አዳዲስ መንገዶች በተለይ የማነሣው አይኦ_ዩሪንግ ነው። በ2019 የገባ ፈጣን የግብዓትና ውጤት መንገድ ነው። ጎግል በ2023 እንዳስታወቀው ለከርነል ማጥቂያ በሚከፍለው የሽልማት ፕሮግራም ከቀረቡት ውስጥ 60 በመቶው የተጠቀመው በዚህ ነበር፤ ኩባንያው ክሮምኦኤስ ላይ ዘጋው፣ አንድሮይድ ላይ ገደበው። ከ6.6 ጀምሮ «ከርነል.አይኦ_ዩሪንግ_ዲሴብልድ» የሚባል ማስተካከያ አለ፤ 2 ሲሆን ለሁሉም ይዘጋል፣ 1 ሲሆን ሥልጣን ለሌለው ብቻ። የሚጠቀሙበት ዳታቤዝ ይህን መንገድ የሚፈልግ መሆን አለመሆኑን ሳያጣሩ 2 አያድርጉ። ተራ ተጠቃሚ የኢቢፒኤፍ (ከርነል ውስጥ የሚሠራ ትንሽ) ፕሮግራም እንዳይጭን መከልከልም ይገባል፤ አዳዲስ ዲስትሪቢውሽኖች ብዙዎቹ አስቀድመው ከልክለውታል። የዩዘር ኔምስፔስ (ተራ ተጠቃሚ በተከለለ ክልል ውስጥ እንደ ሩት የሚሆንበት) ጉዳይ ግን ቀላል አይደለም። መዝጋቱ የብዙ ጥቃት መንገድ ያሳጥራል፤ ያለ ሩት የሚሠሩ ኮንቴይነሮችን፣ ማለትም ተከልለው የሚሠሩ ፕሮግራሞችን፣ እንዲሁም ብራውዘሮች ራሳቸውን የሚያጥሩበትን መከላከያ ግን ይሰብራል። ኮንቴይነር በሌለባቸው ሰርቨሮች ላይ ይዝጉት፤ ሌሎቹ ላይ ይተዉት።

ለሚቀሩት ሰርቪሶች ሲስተምዲ ራሱ ጥሩ ማጠሪያ አለው፦ አዲስ ሥልጣን እንዳያገኝ መከልከል፣ የሲስተሙን ፋይሎች ተነባቢ ብቻ ማድረግ፣ የሚጠራቸውን የከርነል ጥሪዎች መገደብ። «ሲስተምዲ-አናላይዝ ሴኪዩሪቲ» ለእያንዳንዱ ሰርቪስ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል፤ ዝቅ ሲል ይሻላል። ነጥቡ የሚለካው ማጠሪያውን እንጂ የፕሮግራሙን ጥራት አለመሆኑን አይርሱ። የላይብረሪ ትስስር ለማየት «ኤልዲዲ»ን የሚጠቀሙ ከሆነም ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። የማያምኑትን ፋይል በእሱ አይመርምሩ፤ ፕሮግራሙን ሊያስነሣው ይችላል። በሥራ መሀል ሲያስፈልጉ የሚጫኑትን ላይብረሪዎችም አያሳይም፤ ዝርዝሩ አጭር ሆኖ ስላዩት ትስስሩ አጭር ነው ማለት አይደለም።

አፕዴት ችግር ያመጣል ያሉት እውነት ነው። በጁላይ 19 ቀን 2024 የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያው ክራውድስትራይክ የላከው አንድ የመረጃ ፋይል፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው፣ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን ጣለ። ምክንያቱን ቀረብ ብለው ይዩት፦ አዲሱ የመረጃ ዓይነት 21 መስኮች እንዳሉት ተገልጿል፤ ከርነል ውስጥ ያለው ኮድ ግን 20 ብቻ ያቀርብ ነበር። ሃያ አንደኛውን ለማንበብ ሲሞክር ከተፈቀደለት ሜሞሪ ወጣ፤ ከርነል ውስጥ ስለሆነም ማሽኑን ሁሉ ይዞ ወደቀ፤ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ያው ተደገመ። ኩባንያው ፋይሉን በ78 ደቂቃ ውስጥ ሰብስቦታል፤ የወደቁትን ማሽኖች ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰው እየሄደ በእጁ ነበር የሚያነሣቸው። ፋይሉ «ኮድ አይደለም፣ መረጃ ነው» ተብሎ በደረጃ ሳይሆን ለሁሉም በአንድ ጊዜ ነበር የተላከው። አፕዴት ማቆም ይህን አያስተምርም፤ አፕዴትን በደረጃ ማድረግን ያስተምራል።

ስለዚህ 12ቱን እንዲህ ይከፋፍሏቸው፦ መጀመሪያ 1፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቆይቶ 3፣ ከዚያ የቀሩት 8። በኢንተርኔት በኩል ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገባ ቀዳዳ ሲሆን የመቆያው ጊዜ ወደ ጥቂት ሰዓታት ይጠር እንጂ ደረጃው አይዘለል። ቢያንስ ሁለት የቀድሞ ከርነሎች በማስነሻው ዝርዝር ውስጥ ይኑሩ፤ ከርነሎቹ የሚቀመጡበት «/ቡት» ጠባብ ከሆነ አዲሱ ከርነል በግማሽ ተጽፎ ሊቀር ስለሚችል 1 ጊጋባይት ይስጡት። ነባሪው ማስነሻ የቀድሞው ከርነል እንደሆነ ይቆይ፤ አዲሱን በ«ግራብ-ሪቡት» ለአንድ ጊዜ ብቻ እንዲነሣ ያዝዙ። የከርነሉ ማስነሻ መስመር ላይ «ፓኒክ=10» ከጻፉ አዲሱ ሲወድቅ ማሽኑ ከ10 ሰከንድ በኋላ ራሱን ሪስታርት አድርጎ በቀድሞው ይነሣል። ሳይወድቅ ደርቆ ከቀረ ግን ይህ አይረዳም፤ የርቀት ኮንሶል ወይም የሃርድዌር ዋችዶግ (ማሽኑ ሲደርቅ ሪስታርት የሚያደርግ መሣሪያ) ሊኖር ይገባል። ከውጭ አምራች የሚመጣ፣ ከርነል ውስጥ የሚገባ ማንኛውም ሞጁል፣ የጸረ ቫይረስ ወኪልም ይሁን የማከማቻ ድራይቨር፣ የመረጃ ፋይሎቹ ጭምር በዚሁ ደረጃ እንዲያልፉ አምራቹን ይጠይቁ። አይቻልም ካለ፣ ምርቱን ከርነል ውስጥ ማስገባት የለብዎትም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሪፖርት ሲጽፉ የሲቪኢ (ለታወቁ ቀዳዳዎች የሚሰጥ መለያ ቁጥር) ብዛትን መለኪያ አያድርጉ። የከርነሉ ቡድን ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ቁጥሩን ራሱ ስለሚሰጥና የጸጥታ ጉዳይ ሊሆን ለሚችል ማስተካከያ ሁሉ ስለሚሰጥ ቁጥሩ በዓመት በሺዎች ሆኗል። የጨመረው ምዝገባው ነው። ለአለቆችዎ የሚያሳዩት የሚያዳምጡ ፖርቶችን፣ የሴትዩአይዲ ፋይሎችንና የተጫኑ ሞጁሎችን ቁጥር በየሦስት ወሩ ይሁን፤ ቁጥሩ ያለ ምክንያት ከጨመረ አንድ ሰው ይጠየቅ።

ይህ ሁሉ ተሠርቶም ገደብ አለው። ኤስኤስኤች ክፍት እስከሆነ ድረስ ወደ ኤስኤስኤች የሚጎተት ነገር ሁሉ ክፍት ነው፤ የኔትወርክ ኮዱም ያለ ምርጫ ከርነል ውስጥ ይሠራል። እነዚህን መቁረጥ አይቻልምና ኤስኤስኤችን በቪፒኤን ወይም በተወሰኑ አድራሻዎች ብቻ እንዲደረስ ያድርጉ፤ ከማሽኖቹ ውጭ የሚቀመጥ፣ ከማሽኖቹ ሊሰረዝ የማይችል ባክአፕም ይኑርዎት። ሥራውን ከሁሉ ያነሰ ጉዳት ባለበት አንድ ሰርቨር ይጀምሩ፤ የፖርት ዝርዝር፣ የሴትዩአይዲ ዝርዝር፣ አራቱ ሞጁሎች፣ ከዚያ የቀድሞውን ከርነል ሆን ብሎ አስነሥቶ መሞከር። ወደ ሁለተኛው ሰርቨር የሚሻገሩት የመጨረሻው ሙከራ ሲሳካ ብቻ ነው።